ከአንድሮይድ ወደ አይፎን፦ ጎንደር ላይ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ

ለጥምቀት ከአሜሪካ የመጣ የሰፈራችን ሰው በካልሲ የተጠቀለለ ስልክ ይዞልኝ መጣ። የላከችው ታላቅ እህቴ፣ እታለም ናት። ሁለት ዓመት የሠራችበት አይፎን 14 ነው። እኔ ደግሞ ስማርት ስልክ ከያዝኩበት ቀን ጀምሮ ከአንድሮይድ ወጥቼ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ቡና ላይም፣ ፒያሳም፣ ባጃጅ ውስጥም የምጠየቀው አንድ ዓይነት ነገር ነው። መልሱን መደጋገም ሲሰለቸኝ እዚህ ጻፍኩት። ዓመቶቹ፣ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ስትከፍተው ምን ተሰማህ?

እውነቱን ልንገራችሁ? ተናደድኩ። ወደ ኋላ መመለሻ ቁልፍ የለውም። አሥር ዓመት የለመደ አውራ ጣቴ ከታች ባዶ ቦታ ሲነካካ ዋለ። አይፎን ላይ ወደ ኋላ የሚኬደው ከስክሪኑ ግራ ጠርዝ ጣትን ወደ ቀኝ በማንሸራተት ነው። እሱም ሁሉም ቦታ አይሠራም። አንዳንዱ ገጽ የሚዘጋው ከላይ ጥግ ላይ ባለች ትንሽ ቀስት ነው፣ አንዳንዱ ወደ ታች ተጎትቶ ነው።

ሳምንት አልፈጀም፣ እጄ ለመደ። አሁን አሮጌውን ስልክ ሳነሳም ጠርዙን እየጎተትኩ ራሴን እታዘባለሁ። ስለዚህ በዚህ የተነሳ አትፍሩ። ሰው ስልክ ሲቀይር የሚፈራው ይሄን ነው፤ የሚያስቸግረው ግን ሌላ ቦታ ነው ያለው።

ሲሙን የት ነው የምትከተው?

እዚህ ላይ እንቆይ። በመጀመሪያው ምሽት መርፌ ይዤ ስልኩን ዙሪያውን አገላበጥኩት። ቀዳዳ የለም። ወንድሜ ባትሪ አበራልኝ። የለም። «የተሰራ ስልክ ነው፣ ደፍነውታል» ብሎ ፈረደ።

አልደፈኑትም። አሜሪካ የሚሸጡ አይፎኖች ከ14 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2022 ወዲህ፣ የሲም ካርድ ማስገቢያ የላቸውም። የሚሠሩት በኢሲም ብቻ ነው። ኢሲም ስልኩ ውስጥ አብሮ የተሠራ ሲም ነው። ቁጥራችሁ እዚያ ላይ ይጫናል፣ በእጅ የሚያዝ ካርድ የለም።

ስለዚህ ዘመድ «ስልክ ልላክልህ» ሲል መጀመሪያ የሚጠየቀው «ስንተኛው ነው?» ብቻ አይደለም፣ «የየት አገር ነው?» ጭምር ነው። የአሜሪካው 13 እና ከዚያ በታች ያለው ካርድ ይቀበላል። 14፣ 15 እና 16 የዱባይ ወይም የአውሮፓ ከሆኑ አንድ ካርድና ኢሲም ይይዛሉ። በ2025 የወጣው 17 ላይ ግን የዱባዩም፣ የሳውዲውም፣ የኳታሩም ያለ ካርድ ማስገቢያ ነው የመጣው። ከዓረብ አገር የሚላክልን ስልክ ስንት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ይሄ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው።

እዚህም ኢትዮ ቴሌኮም ኢሲም ይሰጣል። መታወቂያዬን ይዤ ሄድኩ፣ ቁጥሬ ሳይቀየር ወደ ኢሲም ተዛወረ፣ የሰጡኝን ኪውአር ኮድ በስልኩ ካሜራ አነበብኩት፣ አለቀ። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ። ኢሲሙ ሲጫን ስልኩ ኢንተርኔት ይፈልጋል፣ ሲም የሌለው ስልክ ደግሞ ዳታ የለውም። ዋይፋይ ያለበት ሁኑ፣ ወይም ሆትስፖት የሚከፍትላችሁ ሰው ይዛችሁ ሂዱ።

ሁለት ቁጥር ያላችሁ ደግሞ አትጨነቁ። ከአይፎን 13 ጀምሮ ሁለት ኢሲም ባንዴ ይሠራል።

መብራት ሲጠፋስ?

ድሮ ባትሪዬ ሲያልቅ ሲሜን ነቅዬ የእናቴ ባለቁልፍ ስልክ ላይ እሰካ ነበር። የእሷ ስልክ አንዴ ቻርጅ ከተደረገ ሳምንት ይቆያል። መብራት ጠፋ አልጠፋ፣ እኔ እገኛለሁ።

ኢሲም ግን ስልኩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ነቅላችሁ ሌላ ቦታ የምትሰኩት ነገር የለም። ይሄን የተማርኩት አንድ ቅዳሜ ነው። መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም፣ ስልኬ ቀትር ላይ ሞተ፣ ከአዘዞ ዕቃ ይዞልኝ የሚመጣው ሹፌር ሲደውል ዋለ። ቁጥሬ አይሠራም። ዕቃው ተመልሶ ሄደ። ማንንም አልወቅስም፣ ጥፋቱ የራሴ ነው።

የባትሪው ነገርም አለ። የአይፎን 14 ባትሪ ወደ 3,280 ሚሊአምፒር ሰዓት ገደማ ነው። እዚህ በብዛት የሚያዙት አንድሮይዶች 5,000 ይይዛሉ። አይፎኑ ቆጣቢ ነው ይላሉ፣ ልክም ነው። ቢሆንም አሮጌው ስልኬ እስከ ማግስቱ የሚያደርሰኝ ነበር፤ ይሄኛው ማታ ላይ ቻርጀር ይለምናል። ቢጫዋ የባትሪ ምልክት፣ ማለትም ቁጠባው ላይ ሲሆን የምትመጣዋ፣ እኔ ጋ ቋሚ ናት። ጠዋት ነው የማበራት።

ገመዱ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ከ2012ቱ አይፎን 5 እስከ 14 ድረስ ያሉት ሁሉ የአፕል የራሱ ቀጭን ማስገቢያ ነው ያላቸው። ከ15 ጀምሮ፣ ከ2023 ማለት ነው፣ ታይፕ ሲ ሆኑ። ካፌ ገብቼ «ቻርጀር አላችሁ?» ስል የሚሰጡኝ ታይፕ ሲ ነው። አሁን ገመዴ ከቁልፌ ጋር ከኪሴ አይወጣም። ምርጫ ካላችሁ 15ን ውሰዱ፣ በገመዱ ምክንያት ብቻ።

ያገለገለ ልገዛ ነው። ምን ልይ?

ጎረቤቴ ሲጠይቀኝ ያልኩትን ልድገመው። ስለ ስክሪኑ ጭረት መጨነቁን ተወውና መቆለፉን እይ።

የእኔን ልንገራችሁ። እታለም ስልኩን ስትልክ ውስጡን አጥፍታዋለች፣ ከአፕል አካውንቷ ግን አላወጣችውም። ስከፍተው የእሷን ፓስወርድ ጠየቀኝ። ይሄ ቁልፍ ከ2013 ጀምሮ አለ። ስልኩ ቢሰረቅ ሌባው እንዳይጠቀምበት የተሠራ ነው። ፎርማት ብታደርጉትም አይለቅም። እዚህ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት፣ እሷ ጋ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ነው፣ ሥራ ላይ ናት። እስክትወጣ ጠበቅን። ከዚያ በኮምፒውተር ገብታ ስልኩን ከአካውንቷ ዝርዝር ሰረዘችው። በደቂቃ ተከፈተ።

የእኔ ስልክ የቀድሞ ባለቤት እህቴ ናት፣ ትመልሳለች። እናንተ ከማታውቁት ሰው ከገዛችሁና ቁልፉ ካለ፣ የያዛችሁት የመስታወት ቁራጭ ነው። «እናስከፍታለን» የሚላችሁን አትመኑ። ገንዘብ ሳትከፍሉ በፊት ሻጩ ፊታችሁ አካውንቱን ያውጣ፣ የስልኩን ውስጥ ያጥፋው፣ እናንተ ደግሞ ከ«ሄሎ» ጀምራችሁ ክፈቱት። እንቢ ካለ ተነሱና ሂዱ።

ቀጥሎ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ጀነራል፣ ከዚያ አባውት የሚለውን ንኩ። ወደ ታች ውረዱ። ካሪየር ሎክ የሚለው ፊት ለፊት «ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ» ካለ የትኛውም መስመር ይሠራበታል። ሌላ ነገር ካለ ስልኩ ለሆነ የውጭ አገር የስልክ ድርጅት መስመር የተቆለፈ እንደሆነ አስቡ። ስክሪኑ ወይም ባትሪው ተቀይሮ ከሆነም እዚያው ገጽ ላይ፣ በአዲሶቹ ሞዴሎች፣ ይጽፈዋል። የባትሪው ጤንነት በመቶኛ ባትሪ የሚለው ውስጥ አለ። እስከ 14 ላሉት አፕል ራሱ የሚለው ከ500 ሙሉ ቻርጅ በኋላ 80 በመቶ ይቀራል ነው። ለ15 እና ከዚያ በላይ 1,000 ይላል። ሦስት ዓመት የሠራ ስልክ 100 በመቶ ካሳያችሁ ባትሪው ተቀይሯል ማለት ነው፣ ወይ ሌላ ነገር አለ። ጠይቁ።

ደግሞ በርካሽ ተብሎ አይፎን 6 አትግዙ። ሲስተሙ 12 ላይ ቆሟል፣ ዋትስአፕ ከ2025 ጀምሮ አይሠራበትም።

አፕል አይዲ ሱቅ ላስከፍት?

አታስከፍቱ። ይሄን ጮክ ብዬ ብናገር ደስ ይለኛል።

መጀመሪያ ለምን ሱቅ እንደሚኬድ ልንገራችሁ። አፕል አይዲ የአፕል አካውንት ነው፣ አፕ ከአፕ ስቶር የሚወርደው በእሱ ነው። ኢትዮጵያ ግን በአፕ ስቶር አገሮች ዝርዝር ውስጥ የለችም። አካውንት ስትከፍቱ አገር ምረጡ ይላል፣ አገራችሁ የለም። ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ ይደነግጥና ስልኩን ይዞ ሱቅ ይሄዳል። ልጁ በአምስት ደቂቃ የአሜሪካ አካውንት ይከፍታል፣ ገንዘቡን ይቀበላል፣ በብጣሽ ወረቀት ፓስወርድ ይሰጣችኋል።

ችግሩ ያቺ ብጣሽ ወረቀት ናት። ኢሜይሉን የከፈተው እሱ ነው። የማረጋገጫ ስልክ ቁጥሩ የእሱ ነው። ፓስወርዱን እሱም ያውቀዋል። በዚያ አካውንት ፎቶዎቻችሁም፣ የስልክ ቁጥሮቻችሁም ይቀመጣሉ። ከዚያ በላይ ደግሞ ያን አካውንት የያዘ ሰው ስልካችሁን ከሩቅ መቆለፍ ይችላል። አንድ ጓደኛዬ እንዲህ ያስከፈተበት ሱቅ ከስምንት ወር በኋላ ቦታው ላይ የለም፤ ጫማ ቤት ሆኗል። ፓስወርዱ ጠፍቶታል፣ ማረጋገጫ ኮዱ ወደማያውቀው ቁጥር ይሄዳል። ስልኩ አሁንም ይሠራል፣ አዲስ አፕ ግን አይጭንም። ፎርማት ለማድረግም ይፈራል። የቤት እስረኛ በሉት።

ራሳችሁ ክፈቱት። የራሳችሁን ኢሜይል ስጡ። የራሳችሁን 251 ብሎ የሚጀምር ቁጥር ስጡ፣ ይቀበላል፣ ኮዱም በመልእክት ይመጣል። አገር ስትመርጡ ዘመድ ያላችሁበትን ምረጡ። አድራሻ ሲጠይቅ እኔ የእታለምን ሰጠሁ። ባንክ ካርድ ሲጠይቅ «ነን» (None)፣ ምንም ማለት ነው፣ የሚል አማራጭ አለ፤ ካላመጣላችሁ አካውንቱን መጀመሪያ ነፃ አፕ በማውረድ በኩል ክፈቱት፣ ያኔ ይመጣል። ፓስወርዱን ደብተር ላይ ጻፉ። አዎ፣ ደብተር ላይ። ስልኩ ሲጠፋ ስልኩ ውስጥ ያለ ማስታወሻ አይጠቅምም።

ቁጥሮቼ፣ ፎቶዎቼ፣ ዋትስአፔ ምን ይሆናሉ?

ቴሌግራም ምንም አይሆንም። በቁጥራችሁ ስትገቡ ሁሉም አለ፣ ከምስጢራዊ ቻቶች በስተቀር።

ለሌላው አፕል ለአንድሮይድ ያወጣው «ሙቭ ቱ አይኦኤስ» የሚባል አፕ አለ። ከፕሌይ ስቶር አሮጌው ስልክ ላይ ይጫናል። ቁጥሮችን፣ የጽሑፍ መልእክቶችን፣ ፎቶና ቪዲዮን፣ ዋትስአፕንም ያሻግራል። ሁለቱም ስልክ ቻርጀር ላይ ይሁን፣ ከሁለት ሰዓት በላይ ሊፈጅ ይችላል። በመሃል መብራት ከጠፋ አልቅሱ። ዘፈንና ፒዲኤፍ ግን አያሻግርም።

የእኔ ስህተት ይኸው። አይፎኑ ማሻገሪያውን የሚጠይቃችሁ ገና ሲከፈት ነው። እኔ በጉጉት ሁሉንም «በኋላ» እያልኩ አለፍኩና ስልኩን መጠቀም ጀመርኩ። በሦስተኛው ቀን የዋትስአፕ ቻቴን ልመልስ ስል የስልኩ ውስጥ ጠፍቶ እንደ አዲስ መጀመር አለበት አለኝ። አጠፋሁት። ሲጠፋ «ኢሲሙን ላስቀር ወይስ ልሰርዝ?» ብሎ ይጠይቃል። አስቀሩ የሚለውን ንኩ! ካልሆነ እንደገና ወደ ቴሌ ነው።

ቁጥራችሁ ሲም ካርዱ ላይ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ አንድሮይዱ ላይ እያላችሁ ወደ ጂሜይል አዛውሩት። አይፎን ከሲም ላይ ያነባል፣ ሲም ላይ ግን አይጽፍም። ማስገቢያ የሌለው ደግሞ ከምኑ ያነባል?

በዜንደር አፕ ላካፍልህ?

አመሰግናለሁ፣ ግን አይሆንም። አንድሮይድ ላይ ሰው ለሰው አፕ ይሰጣጣል። ዳታ የለውም? ከጓደኛው ይወስዳል። አይፎን ላይ ይሄ የለም። እያንዳንዱ አፕ ከአፕ ስቶር፣ በራስ ኢንተርኔት ይወርዳል። የሲስተሙ ማሻሻያ ደግሞ በጊጋባይት ነው የሚቆጠረው። ዋይፋይ ያለው ዘመድ ቤት መሄድ የጀመርኩት ለዚህ ነው፣ ለቡናው አይደለም። ፎቶና ቪዲዮ ከሆነ ግን ዜንደር አይፎንም ላይ አለ፣ በዚያ ይላካል።

ይሄ ገደብ ጥሩ ጎን የለውም አልልም። ያልታወቀ አፕ ተጭኖብኝ አያውቅም። ቢሆንም ዳታ በሌለበት ቀን ጥሩ ጎኑ አይታየኝም።

መዝሙርና ዘፈን ከሚሞሪ እንዴት ይገባል?

የሚሞሪ ካርድ ቦታ የለውም። የትኛውም አይፎን ኖሮት አያውቅም። ሱቅ ሄዳችሁ «ሙላልኝ» ብትሉ የሚሞላበት የለም። የአፕል ሙዚቃ ማጫወቻ ውስጥ የራሳችሁን ፋይል ለማስገባት ኮምፒውተር ያስፈልጋል።

እኔ ያደረግኩት ሌላ ነው። ቪኤልሲ የሚባለውን ነፃ ማጫወቻ ጫንኩ። እሱ በዋይፋይ በኩል ከኮምፒውተር ወይም ከሌላ ስልክ ፋይል ይቀበላል፣ ሁለቱ አንድ ዋይፋይ ላይ መሆን ብቻ ነው። የአባቴን የያሬድ ዜማ ቅጂዎች በሙሉ እንዲህ አስገባሁ። ፍላሽም ማንበብ ይችላል፤ 15 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ቀጥታ ይሰካል፣ የእኔ ዓይነቱ ግን አስማሚ ይፈልጋል።

አማርኛ ይጽፋል?

ይጽፋል። በአዲሶቹ ሲስተሞች ላይ ኪቦርዱ አብሮ ይመጣል፤ ሴቲንግ፣ ጀነራል፣ ኪቦርድ ውስጥ ገብታችሁ አማርኛን መጨመር ነው። የጎግልን ኪቦርድ የለመደም እሱን መጫን ይችላል። አንድ የሚገርም ነገር አለ። ከውጭ የጫናችሁት ኪቦርድ ፓስወርድ መጻፊያ ላይ ስትደርሱ ራሱ ይጠፋል፣ የስልኩ ኪቦርድ ይመጣል። ተበላሸ ብዬ ሁለት ጊዜ አጥፍቼ ጫንኩት። ለጥበቃ ተብሎ የተሠራ ነው።

የፊደሉ መልክ ግን ይለያል። አፕል የሚጠቀምበት የግዕዝ ፊደል ቅርጽ ስሙ «ከፋ» ነው። አንድሮይድ ላይ ያለው የጎግል ኖቶ ነው። ለእኔ የከፋው እግሩ ቀጠን ያለ፣ የብዕር ጽሕፈት የሚሸት ሆኖ ታየኝ። ቀልደኛው ጓደኛዬ «ከፋ ነው? እኔ ደህና ነው ያልኩት» አለኝ። መልኩ ቢለያይም ጽሑፉ ያው ነው። ፊደላችን ከ1999 ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ ስላለ ከየትኛውም ስልክ ወደ የትኛውም ይሄዳል፣ ሳጥን ሳጥን አይሆንም።

ቅር ያለኝ አንድ ነገር ነው። አንድሮይድ ሙሉ ስልኩ አማርኛ ይሆናል፤ «ቅንብሮች» ይላል፣ «ያመለጠ ጥሪ» ይላል። አይፎን እንዲህ አይሆንም። የሚጻፍበት አማርኛ አለ፣ የሚያናግራችሁ ግን በእንግሊዝኛ ነው። ለእኔ ግድ የለም። ለእናቴ ግን ግድ አለው፣ ወደ እሷ እመለሳለሁ።

ደግሞ የእንግሊዝኛውን አራሚ አጥፉት። በላቲን ፊደል «ነው» ለማለት ሁለት ፊደል ስጥል «አሁን» ወደሚለው የእንግሊዝኛ ቃል እየቀየረ ከሰው ጋር ሊያጣላኝ ነበር። «ደህና አሁን?» ብዬ ነበር የምልከው።

ቴሌብርና የባንክ አፕስ?

ይሠራሉ። ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲጀመር ጀምሮ ያለው *127# አሁንም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ አይፎን ላይም። የንግድ ባንኩ *889#ም እንዲሁ። አፖቹ አዲስ ስልክ ሲያዩ እንደገና ማረጋገጫ ይፈልጋሉ። የፒን ቁጥራችሁን ሳታስታውሱ አሮጌው ላይ ያለውን አፕ እንዳትሰርዙ።

ፌስታይምን፣ የአፕልን የቪዲዮ መደወያ፣ ስታበሩ ስልኩ ወደ ውጭ አገር አንድ መልእክት በድብቅ ይልካል፣ ሒሳብ ይቆርጣል። ካርድ ካልሞላችሁ «በመጠበቅ ላይ» እያለ ይቀራል።

የሐበሻ ሰዓትስ?

ለቀን መቁጠሪያው ለብቻው አፕ ጫኑ፣ ብዙ አለ። ሰዓቱ ላይ ግን የራሴን ዘዴ ልስጣችሁ። የዓለም ሰዓት የሚለው ውስጥ ቦነስ አይረስን ጨምሩ። የአርጀንቲና ዋና ከተማ ከእኛ በስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ናት። የእኛ ጠዋት አንድ ሰዓት እዚያ ላይ 1:00 ብሎ ይታያል። የክረምት የበጋ ብለው ሰዓት አይቀይሩም፣ ዓመቱን ሙሉ ልክ ነው። አንድሮይድ ላይም ይሠራል፣ አይፎን እስክትገዙ አትጠብቁ።

ፎቶውስ? ለሱ አይደል የሚገዛው?

ስልኩ የደረሰኝ ለጥምቀት ዋዜማ ነው አልኳችሁ፤ ኢሲሙ ባይኖረኝም ካሜራው ይሠራል። ጥር 10 ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱ ተከተልኩ። በቀን ብርሃን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከጓደኛዬ መካከለኛ አንድሮይድ ፎቶ ብዙም አይለይም። የእሱ ቀለሙ ደመቅ ይላል፣ ሰው ደግሞ የእሱን ይወዳል። ልዩነቱ የታየኝ ሌሊት ነው። በጧፍ ብርሃን ያደሩትን ሰዎች ፊት፣ ነጠላውን፣ ውሃው ላይ ያለውን ነጸብራቅ አወጣው። ስልኩን ሁለት ሦስት ሰከንድ ሳያንቀሳቅሱ መያዝ ነው፤ ይሄ የሌሊት ዘዴ ከ2019ኙ አይፎን 11 ጀምሮ አለ። ቪዲዮውም አይንቀጠቀጥም። ሕዝብ እየገፋኝ የቀረጽኩት በመኪና ላይ ሆኜ የቀረጽኩት ይመስላል።

በሌላ ቀን ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገባሁ። ጣሪያው ላይ ያሉት የኪሩቤል ፊቶች ቁልቁል እያዩ ፍላሽ ማብራት አይገባም፣ ሥዕሉም ይጎዳል ይባላል። ያለ ፍላሽ፣ በዚያ ደብዛዛ ብርሃን፣ ዓይኖቻቸው አንድ በአንድ ወጡ። ያን ፎቶ ለእታለም ስልክላት ደውላ አለቀሰች። በዚያ ቀን ስለ ገመዱም ስለ ሲሙም ማማረሬን አቆምኩ፣ ለአንድ ቀን።

ቦታ ግን ይበላል። በአራት ኬ አንድ ደቂቃ ቪዲዮ ወደ 170 ሜጋባይት ይወስዳል፣ ፍጥነቱን 60 ካደረጋችሁት 400። በተራው ጥራት 60 ገደማ ነው፣ ለቴሌግራም ይሄ ይበቃል። አፕል በነፃ የሚሰጠው ማስቀመጫ 5 ጊጋባይት ብቻ ነው። የእኔ በጥምቀት ማግስት ሞላ። ጎግል 15 ስለሚሰጥ የጎግል ፎቶን አይፎኑ ላይ ጭኜ እሱ ላይ ነው የማስቀምጠው። ካሜራ ሴቲንግ ውስጥ ደግሞ ፎርማት የሚለውን ወደ «ሞስት ኮምፓቲብል» ቀይሩት። ካልሆነ ፎቶው ፎቶ ቤት ስትወስዱት ኮምፒውተሩ ላይ አልከፈት ሊል ይችላል።

ልመለስ ብልስ?

መመለስ ይቻላል። ሲሙን ከማዛወራችሁ በፊት አይሜሴጅን፣ የአፕልን የራሱ መልእክት መላኪያ፣ አጥፉ። ካላጠፋችሁት አይፎን ያላቸው ሰዎች የሚልኩላችሁ መልእክት ወደ አሮጌው አድራሻ እየሄደ ይቀራል። ከአካውንት ውጡ። ከዚያ የስልኩን ውስጥ አጥፉት። እታለም የረሳችውን አትርሱ።

አሮጌውን ስልክ ሸጥከው?

አልሸጥኩትም። ሁለተኛ፣ ተራ ካርድ ሲም አውጥቼ ከተትኩበት። መብራት በጠፋ ቀን እሱ ነው የሚያገኘኝ፣ ሹፌሩም ሁለቱንም ቁጥር ይዟል።

ማለት፣ ነበር። እናቴ አንድ ቀን አንስታ አየችው። ሙሉው አማርኛ ነው። ፊደሉን አተለቅኩላት። «ይሄስ ያነባል» አለች። ከዚያ ወዲህ አልመለሰችልኝም። ባለቁልፉን ለእኔ ሰጠችኝ፣ ሁለተኛው ሲሜ አሁን እሱ ውስጥ ነው።